ጠብቆ ይነበብ

ሰኞ፣ ጥር 18

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። ባለ ሱቁ «ለልጅ ነው?» አለኝ። «ለገድሉ ገድል ነው» አልሁት። አልገባውም። ለቅዱሳን ገድላቸውን ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል። የእኔን ማን ይጽፋል? ራሴው።

የማታ ትምህርት ከጨረስሁ ዘጠኝ ቀኔ። ምስክር ወረቀቴን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት፣ ከዋንጫው በላይ። ልክ ነው ቦታው? ልክ ነው። ዋንጫውን ከአራት ሰው ጋር ነው ያገኘሁት፤ ወረቀቱን ብቻዬን።

ሁለት ሜትር ከአራት ነኝ። የባሕር ዳር ጉበን ሁሉ ግንባሬን ያውቀዋል። አሥራ አራት ዓመት የክር ፋብሪካችንን ማሊያ ለበስሁ፣ ቁጥር 14። ከጣና የሚነሣው ነፋስ የሰውን ኳስ ያስታል፤ የእኔን ያስገባው ነበር... ማን ይመሰክራል? እኔ። አሁን የሴቶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን መሪ ነኝ። ቢሮ አለኝ፣ ባለ መስኮት።

ዛሬ ምንም አልሆነም። ልምምድ። አንድ ኳስ ሐይቁ ውስጥ ገባ፤ የጎረቤቴ የሙሔ ዋናተኞች አወጡልን።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ማንም አያነበውምና እውነቱን ልጻፍ።

ከስድስት ዓመት በፊት የወንዶቹ ካፒቴን ነበርሁ። ከቢሮ ወረቀት መጣ። «ምንድን ነው?» «የጫማ መረከቢያ ነው ካፒቴን፣ ፈርምልን።» 14 ብዬ ፈረምሁ። ፊርማዬ እሱ ነበር። ቁጥር ከውጤት ሰሌዳው ተምሬያለሁ፣ ፊደል ግን... ጫማው አልመጣም። ወረቀቱ «ተጫዋቾቹ በቡድኑ መበተን ተስማምተዋል» ይል ነበር ለካ። አሥራ አንድ ሰው ተበተነ። አንደኛው፣ አምሐ፣ የዘጌ ጀልባ ይነዳል። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ሰላምታ ነው? አይደለም።

ቡድን መሪ ከሆንሁም በኋላ ደብዳቤ ሲመጣ «መነጽሬን ረሳሁ» እያልሁ ለካፒቴኗ ለዘይነት እሰጣት ነበር። አንድ ቀን «ጋሽ ገድሉ፣ ግን መነጽር ኖሮዎት ያውቃል?» አለችኝ። በማግስቱ ተመዘገብሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ደብዳቤ መጣ! ልምምድ መሐል። ማኅተም ያለበት።

ዘይነት እንደ ድሮው እጇን ዘረጋች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ላንብብልዎ ብዬ...»

«እጅሽን ሰብስቢ። ኳስ ያዢበት።»

መሐል ሜዳ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነበብሁ። «ክለቡ ከየካቲት 1 ጀምሮ ዋና ቡድን ብቻ ይዞ ይቀጥላል። ሌሎቹ ቡድኖች ይበተናሉ።» ዋና ቡድን! እኛ! ትልልቆቹን ዋና ቡድን፣ ተተኪዎቹን ተስፋ ቡድን ነው የምንላቸው። ተስፋዎቹ አለቀሱ፤ አጽናናሁ። ዋናዎቹ ሊሸከሙኝ ሞከሩ። እግሬ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር።

አንድም ፊደል አልሳትሁም። አንድም!

ዓርብ፣ ጥር 22

ጠዋት ሙሔ መጣ። የዋና ቡድኑ መሪ፣ ጎረቤቴ። አንድ ሳህን ሐላዋ ይዟል።

«አይዞህ ወንድሜ። በአንተ ኀዘን ላይ ደስ ሲለኝ ከብዶኛል፣ ወላሂ።»

«የምን ኀዘን?»

«ደብዳቤው አልደረሰህም? ዋና ቡድን ብቻ ነው የሚቀጥለው።»

አላልቶ ነው ያለው። ዋና። ሰው ልብሱን አውልቆ ውኃ የሚገባበት ዋና።

ሳህኑን ለሙሔ መለስሁለት።

የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አቶ ግሩምን ሄጄ ጠየቅሁት። «ዋና ማለት ዋና ነው ገድሉ። ሐይቁ በነጻ ነው። ኳስ አይተነፍስበት፣ ቀለበት አይወልቅበት።» ከዚያ ደግሞ ፈገግ አለ። «ማጥበቅና ማላላት ላይ አልደረሳችሁም እንዴ፣ እዚያ ማታ ትምህርት?» ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልደኛ ነኛ! ስወጣ ግን ዝቅ ማለት ረሳሁ፤ ጉበኑ ግንባሬን አገኘው።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ለልጆቹ ነገርኋቸው። ዘይነት «እኔ ባነበው ኖሮ...» አለችና ተወችው። ብትጨርሰው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 24

ማታ ፊደል ያስቆጠሩኝን መምህርት ፅጌ ማርያምን ከቅዳሴ ሲመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኋቸው። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አንዴ አዩት። ደገሙት።

«የትኛው ዋና ነው?» አሉኝ።

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎ!»

«እንግዲህ ገድሉ፣ ፊደላችን ራሱ አይጠብቅም፣ አይላላም። የሚያጠብቀው አንባቢው ነው። አለ ብዬ ብጽፍልህ፣ ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ጎረቤቱን ቃል አይተህ ነው የምትለየው። ይህ ሰውዬ ጎረቤት አልጻፈለትም።»

«እና አልሳትሁም?»

«አንተማ አልሳትህም። የሳተው የጻፈው ነው።»

አልሳትሁም!! መንገዱን ሁሉ እየዘለልሁ መጣሁ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ። እንግዲያው ለምንድን ነው የማፍረው? ግሩም ይፈር። ማኅተሙ ይፈር።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ግሩም ራሱ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «ደብዳቤው እንደ ደረሰህ ፈርምልኝ።» ወረቀቱን ተቀበልሁ። ጣቴን ከሥር እያስኬድሁ ጀመርሁ። ሰዓቱን ያያል። ይቁነጠነጣል። «ገድሉ፣ መፈረም ብቻ እኮ ነው...» ሦስተኛው መስመር ላይ ደረስሁ። «በውሳኔው መስማማቴን...»

መስማማቴን! ያው ቃል። ከስድስት ዓመት በኋላ ያው ቃል መጣ። ያን ጊዜ አላየሁትም፤ ዛሬ ፊት ለፊት ተያየን።

«አልፈርምም።»

«ቦርዱ ወስኗል እኮ!»

«ቦርድ ለእኔ አዲስ አይደለም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ኳስ ሳነጥርበት ነው የኖርሁት።»

አልሳቀም። ጥሩ ቀልድ ነበር ግን።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ቦርዱ ፊት ቀረብሁ። አምስት ሰዎች። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጸሎት «ተቀመጥ» አሉኝ። «ስቆም ነው የሚያምርብኝ» አልሁ። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። «አንድ መስመር ብቻ አንብቡልኝ። ሁላችሁም፣ ተራ በተራ፣ ጮክ ብላችሁ።»

ግሩም «ጊዜ ማባከን ነው» አለ። ወይዘሮ ጸሎት «ያንብቡ» አሉ።

አንደኛው አላልቶ አነበበ። ሁለተኛዋ አጠበቀች። ሁለቱ ተያዩ። ሦስተኛው አጠበቀ። አራተኛው አላላ፣ ከዚያ «ቆይ...» ብሎ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ወይዘሮ ጸሎት ተቀበሉት። «ክለቡ ከየካቲት አንድ ጀምሮ ዋ...» ብለው ቀጥ አሉ።

ከሐይቁ የይብራ ጩኸት ይሰማል።

ለካ ስብሰባም አልተደረገም። ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ነው የተፈረመበት። ከአፉ ያወጣው ሰው የለም። ቢያወጣው ኖሮ እዚያው ይለይ ነበር።

«እኔ የፈረምሁት» አሉ ወይዘሮ ጸሎት ቀስ ብለው፣ «ተስፋ ቡድኑ ብቻ የሚዘጋ መስሎኝ ነው።»

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ዐውዱ እኮ...» አለ ግሩም።

«የምን ዐውድ? ሁለት መስመር ነው!»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም አላልሁም። «እኔ ሳላነብ ፈርሜ አሥራ አንድ ጓደኛ በትኛለሁ» አልሁ። «ማንበብ ስለማልችል ነበር። እናንተ ግን...» አልጨረስሁትም። ድፍረት ነው? አዎ። ይጸጽተኛል? አይጸጽተኝም።

ውሳኔው ተሻረ። ሦስቱም ቡድኖች የውድድር ዘመኑን ይጨርሳሉ። ሰኔ ላይ እንደገና ይታያል። ይታይ! እዚያው እገኛለሁ። ከእንግዲህም ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ቦርዱ ምንም አይፈርም። «ማን ያንብብ?» ሲባል አምስቱም ወደ ላይ አንጋጠው አዩኝ። «ድምፅስ አለህ» አሉ ወይዘሮ ጸሎት።

ቀለበት ላይ ተንጠልጥዬ ሁለት ሺህ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እንኳ እንዲህ አላበጥሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 2

የዘጌ ጀልባዎች የሚቆሙበት ወረድሁ። አምሐ ገመድ ይጠቀልላል። የሆነውን ነገርሁት። ቀና አላለም።

«አሁን ታነባለህ አሉ» አለኝ።

«አዎ።»

«ዘገየህ።»

ሞተሩን አስነሣ። ቀልድ ፈለግሁ... አልመጣም።

ይኸው ጻፍሁትና ደግሞ ደነገጥሁ። «ታነባለህ» ላልቶ ሲነበብ እንባ ነው። እንደዚያም ቢለኝ አይዋሽም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዛሬ ውሳኔው ከተሻረ ወዲህ የመጀመሪያ ጨዋታችን። በስድስት ነጥብ አሸነፍን። ዘይነት ሃያ አንድ አገባች። እኔ ብሆን ሠላሳ... ይሁን፣ ሃያ አንድም አይናቅም።

ከጨዋታው በፊት የመለማመጃ ካናቴራዎቹ ከማተሚያ ቤት መጡ። ደረታቸው ላይ «ዋና ቡድን» ይላል። የዘይነት ሐሳብ ነው። ሙሔ ይህን ሲሰማ «ለእኛም ያው ይሁንልን፣ አንድ ላይ ይታተም» አለ። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት ቡድን። እኛ ስንለብሰው ይጠብቃል፣ እነሱ ሲለብሱት ይላላል። ተስፋዎቹም አምጡ ብለው ለበሱት። ማን ይከለክላቸዋል? እንዳሻቸው ያንብቡት።

ካርቶኑን ያመጣው ሰውዬ ወረቀት ዘረጋልኝ። «መረከቢያ ነው ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

መረከቢያ ነው... የጫማውም እንዲሁ ተብሎ ነበር። ዘይነት አጠገቤ ነበረች። እጇን አልዘረጋችም። እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

አነበብሁ። ሦስት ጊዜ። ግርጌው ላይ ያለውን የማተሚያ ቤቱን ስልክ ሳይቀር። ሙሔ ከሐይቁ ወጥቶ ውኃው እየተንጠባጠበ «ፈርመው እንጂ፣ በረደኝ! ካናቴራዬን!» ይላል።

«ጠብቅ!» አልሁት።

ጠበቀ።

ካርቶኑን ከፈትሁ። እውነትም ካናቴራ ነው። ወረቀቱም መረከቢያ ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። 14 አላልሁም። ገድሉ አስናቀ ብዬ ጻፍሁ። ሰባት ፊደል። አንዱም አልላላም።