የአግዳሚው ጫፍ

ክሊቭላንድ፣ እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን 1953

ለምወድሽ ልጄ ለቬራ፣

እዚያ ጀርመን ብርዱ ለቀቀላችሁ ወይ? ግሌን እንዴት ነው? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኛ ደህና ነን ብዬ መጀመር ስለለመድኩ እጄ ራሱ ሊጽፈው ነበር። ደብዳቤሽ በጎረቤታችን በወይዘሮ ሆቼቫር አድራሻ ደርሶኛል። እንደ ወትሮዋ ዱቄት ልትበደር የመጣች መስላ በሽርጧ ኪስ ደብቃ አመጣችልኝ። አባትሽ ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበርና "ይህች ሴትዮ ዱቄቱን የት ነው የምታደርሰው? ዳቦ ቤት ከፈተች እንዴ?" አለ። ወይዘሮ ሆቼቫር ግድግዳ ይዛ ሳቀች። የዛሬ ዓመት ቢሆን መጥረጊያ ይዛ ታባርረው ነበር።

"ነግረሽዋል ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። አልነገርኩትም። በየካቲት አባትሽ ልብሱን ሲለብስ ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ፣ "ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም። እሱ እንዳይሰማ፤ ተስፋ ከቆረጠ ቶሎ ይወድቃል" ብሎኛል። ያንን ይዤ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ፤ ጎረቤቱም ጓደኛውም ሰምቷል፣ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። ለእሱ የጨጓራ ቁስለት ነው ተብሎ ጠዋት ማታ ወተት ይጠጣል። እናቴ ስታለቅስ ትውላለች ብለሽ ታስቢ ይሆናል። አላለቅስም፤ ውስጤ ደንዝዟል። ልብስ አጥባለሁ፣ ድንች እልጣለሁ፣ ሰው ሲያናግረኝ እመልሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ እንኳ የማስበው ምድጃውን አጥፍቼ እንደሆነ ነው።

ትናንት አባትሽ ቤዝቦል ሜዳ ካልሄድኩ ብሎ ተነሣ። በመክፈቻው ሳምንት ቀርቶ አያውቅም፤ ዘንድሮም አልቀርም አለ። ኮቱ ስለሰፋው ከውስጥ ሁለት ሹራብ ደረብኩለት።

"ሙሽራ አስመሰልሽኝ እኮ" አለ።

"ሙሽራ የሆንክ ቀን እንኳ ይህን ያህል አላስቸገርከኝም" አልኩት።

የሜዳውን ደረጃ ሲወጣ በየመሐሉ እየቆመ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነብ ጀመር። አባትሽ ማስታወቂያ አንብቦ አያውቅም። እኔም አብሬ ቆሜ የምላጭና የሳሙና ማስታወቂያ አነበብኩ። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል፤ በረዶው ከአጥሩ ሥር ገና አልቀለጠም። ሕዝቡ ግን ደስ ብሎታል። በዚህ ጊዜ ማንም ገና አልተሸነፈም። ትንሽ ሳለሽ ቡድናችን በመጀመሪያው ሳምንት ሲሸነፍ ስታለቅሺ አባትሽ ምን ይልሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ "በሚያዝያ ማንም አያለቅስም፤ ገና መስከረም አለ" ይልሽ ነበር። ዋንጫው የሚለየው መስከረም ነው፤ እሱም ሁሉን ነገር ለመስከረም ያቆየዋል።

ኳስ የሚወረውርልን ሆልካም የሚባል አዲስ ግራኝ ልጅ ነበር። ጆሮው ትልልቅ፣ አንገቱ ቀጭን ነው። እንግዶቹ መቺዎች ተራ በተራ እየቀረቡ ዱላቸውን ባዶ አየር ላይ እያወዛወዙ ይመለሳሉ። ከዘጠኙ ዙር ስድስተኛው አልቆም አንድ ሰው እንኳ ኳሱን በደንብ አልመታበትም። ከዚያ በኋላ ልማዱን ታውቂዋለሽ፤ ወርዋሪው አንድም ሳይመታበት ጨዋታውን ሊጨርስ ሲቃረብ ማንም ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አይልም። የተናገረ ያሟርታል። ጓደኞቹም ልጁን አያናግሩትም፣ አያዩትም። እንዲያውም ከአጠገቡ ተነሥተው ሄዱ። ልጁ ከረጅሙ አግዳሚ ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሌሎቹ ከወዲያ ተጠጋግተው ሰማዩን ያያሉ። የሚጠሉት ይመስላል እንጂ ለእሱ ብለው ነው።

አየሁትና ይህ የእኛ ቤት ነው አልኩ በልቤ። ከየካቲት ጀምሮ አባትሽን ማን ዓይኑን አይቶ ያናግረዋል? ካርታ ሲጫወት ያሸንፉት የነበሩት ጓደኞቹ አሁን ሆን ብለው ይሸነፉለታል። በቀልዱ ሁሉ ይሳቅለታል። እኔ ራሴ ሹራብ ከማልበስ በቀር የምለው የለኝም።

ስምንተኛው ዙር ላይ ከኋላችን የተቀመጠ ባለ ባርኔጣ ሰውዬ በድንገት ብድግ ብሎ፣ "ይገርማችኋል፣ እስካሁን አንድም አልመቱበትም እኮ!" ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ እንደ ተርብ ተነሣበት።

"ዝም በል! አታሟርትበት!"

"ምላስህ ይቆረጥ!"

ባለ ኦቾሎኒው ሳይቀር "አንተ ደግሞ ከየት ነው የመጣኸው?" አለው።

እኔ አባትሽን ያዝኩ። የገዛ አጎቴን በዚሁ ነገር በጋውን ሙሉ አኩርፎት ነበርና ሰውዬውን ይደበድበዋል ብዬ ፈራሁ። ግን አልተንቀሳቀሰም። ቀጣዩ መቺ ኳሱን ጫፉን ብቻ ነካው፤ ኳሱ ከሁለተኛው የሯጮች ማረፊያ፣ ከቤዙ ጀርባ ሣሩ ላይ ጠብ አለ። መቺው ሳይያዝ ሮጦ የመጀመሪያው ቤዝ ላይ ደረሰ። በቃ፣ ተመታበት። ሕዝቡ ባለ ባርኔጣውን ሊበላው ደረሰ፤ ሰውዬውም ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

አባትሽ ዞረና፣ "ወንድሜ፣ አንተ ምን አደረግህ? ብትናገርም ባትናገርም ይመታ ነበር። ተቀመጥና ኦቾሎኒህን ብላ" አለው።

ዙሩ አልቆ ልጁ ሲመለስ ጓደኞቹ ግር ብለው ከበቡት። አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ አንዱ ውኃ ሰጠው። ኳስ ተቀባዩ፣ ያ ግዙፉ ሰውዬ፣ አጠገቡ ዘፍ ብሎ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ልጁ ሳቀ።

"አየሽው ጆዚ?" አለኝ አባትሽ። "ተመታና ተገላገለ። አሁን ሰው ያናግረዋል።"

"አልበረደህም?" አልኩት። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

አሸነፍን። በትራም ስንመለስ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ከዚያ "ቬራ የምትመጣው መቼ ነበር?" አለኝ።

"መስከረም ነዋ። የግሌን የውትድርና አገልግሎት ሲያልቅ።"

"መስከረምን አትጠብቅ በያት። ሕፃኑን ይዛ በሰኔ ትምጣ። ከቻለች በግንቦት።"

የኮቴን ቁልፍ ፈትቼ መልሼ ቆለፍኩት። ከዚያ "ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ማንም። ወይዘሮ ሆቼቫር በቀልዴ መሳቅ ስትጀምር አወቅሁ። ቀልዴ እኮ ያን ያህል አያስቅም።"

እጄን ያዘ። የእሱ ሞቃት ነበር፣ የእኔ ነው የቀዘቀዘው። ያኔም አላለቀስኩም ልጄ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ወንበሩ ላይ የተረሳ ጓንት አይቼ የማን ይሆን እያልኩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የቀረበለትን ወተት ወስዶ መታጠቢያው ውስጥ ደፋው። "ቋሊማ ጥበሺልኝ፤ ሰናፍጩንም አትቆጥቢ" አለ። ጠበስኩለት። ግማሹን በላ። ሆዱን ይዞ ትንሽ አቃሰተ፤ እኔም እንደ ትናንቱ ማስታወቂያ ማንበቤን ትቼ ፊቱን አየሁት። "አመመህ?" አልኩት። "አመመኝ" አለ። እንዲህ ተባብለን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ግሌንን አስፈቅጂውና ተነሺ። ሕፃኑ ጥርስ ባያወጣም ምንም አይደል፤ አባትሽም የቀረው ሁለት ጥርስ ነው። እመቤታችን ባሕሩን ጸጥ አድርጋ ታሻግራችሁ፤ ደጃችንን በደህና ለመርገጥ ያብቃችሁ።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። መልስሽን ለወይዘሮ ሆቼቫር አትላኪ። ወደ ቤታችን ላኪው፣ በአባትሽ ስም።

እናትሽ ጆዚ