ቀጥ ያለው ስፌት

እህት ዓለም፣

ብደውልልሽ ድምፄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው በፖስት ካርድ የምጽፍልሽ። ዛሬ ያገለገሉ የሐር ሻርፖች የምትገዛና የምትሸጥ ባለሱቅ ዘንድ ገብቼ ነበር። ሴትዮዋ መነጽሯን አጥልቃ አንገቴ ላይ ያለውን ሻርፕ ጠርዙን ዳበስ አደረገችና፣ "የመኪና ስፌት ነው፤ ኦሪጅናሉ በእጅ ተጠቅልሎ ስለሚሰፋ ትንሽ ይንጋደዳል" አለችኝ። እኛ እዚያ ስፌቱ ቀጥ ያለውን ኦሪጅናል ብለን ስንሸጥ፣ የተንጋደደውን ፎርጅድ ነው ብለን ስንጥል አይደል የኖርነው? ለጎረቤትሽ ለዳኛዋም የሸጥንላት ቀጥ ያለውን ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ወደዚህ ከተማ መምጣቷ ነው፤ ሻርፕ የተሰቀለበትን ሱቅ ሳትገባ እንደማታልፍ ታውቂያለሽ። መንገድ ላይ እሷን የምትመስል ሴት ባየሁ ቁጥር ሻርፔን ከአንገቴ ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ።

እኔ እስክመጣ አንድም እንዳትሸጪ። እማማን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ይሄን ካርድ ፖስተኛው ካነበበው ግን አለቀልን።

ቦታ ጠበበኝ። የስፌት መኪናሽን የምትሸፍኚበትን ያን የተንጋደደ ሻርፕ ዛሬውኑ አንሺው። የቀረን ኦሪጅናል እሱ ብቻ ነው። የመኪናው ዘይት እንዳልነካው ጸልዪልኝ።