ውሃ የማይጠጣበት ዋዜማ

ለተከበሩ የሠፈራችን የቦኖ ውሃ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ይህች ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ ጉሮሯችሁም ረጥቦ እንድታገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኔ ከፋለ አድማሴ እባላለሁ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አስጎብኚ ስሆን፣ የምኖረውም እርስዎ ከሦስት ዓመት በፊት በእልልታ ሪባን የቆረጡለት ቦኖ ባለበት ሠፈር ነው። ውድ ጊዜዎን እንደምሻማ አውቃለሁ፤ ሆኖም በእርስዎ በኩል ያገኘናቸውን በረከቶች ሳልዘረዝር ብቀር ውለታ ቢስ እንዳልባል ፈራሁ።

፩ኛ/ ስለ ቦኖው ስለ ራሱ እናመሰግናለን። ሰማያዊ ቀለሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ ውሃ ብዙም ስለማይነካው ይመስለኛል። በወር አንድ ቀን፣ ያውም ሳይነገረን፣ ጥቂት ያስለውና አንድ ጀሪካን የማይሞላ ድፍርስ ነገር ሰጥቶን ተመልሶ ይተኛል። ደግነትዎ በዚህ ሳያበቃ ቁልፉን የሚይዝ ዘበኛ ስለመደቡልን፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውን ነፋስ እስካሁን ማንም አልሰረቀብንም።

፪ኛ/ ስለ ወረፋው። ሴቶቻችን ጀሪካናቸውን ፀሐይ እንዳይሰነጥቅባቸው ወደ ቤት ይመልሱና በቦታው ድንጋይ ያስቀምጣሉ። የባለቤቴ የይማርሽ ድንጋይ ከኅዳር ጀምሮ አራተኛ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ሦስቱ ድንጋዮችም ጨዋዎች ስለሆኑ አንድም ቀን ተጋፍተውን አያውቁም። የምንጠጣውን ግን ይማርሽ ከገደሉ ሥር ካለችው ምንጭ፣ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት እየተጓዘች በጀርባዋ ታመጣለች። ወገቧን ስላጠነከሩልን እግዜር ይስጥልን።

፫ኛ/ ይህን መጻፍ ትንሽ ይከብደኛል። በየቀኑ እንግዶችን ዮርዳኖስ ወደሚባለው ቦይ አወርድና፣ ቅዱሱ ንጉሥ የውሃ መውረጃውን ከዐለት እንዴት እንዳስጠረበ በኩራት አስረዳለሁ። ጉብኝቱ ሲያበቃ አንዳንዱ እንግዳ ጠጥቶ ያስተረፈውን የታሸገ ውሃ ጣልልኝ ብሎ ይሰጠኛል። እኔም እሺ ብዬ ተቀብዬ፣ ዘወር ሲል በቦርሳዬ ከትቼ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ልጄ ትርሐስ የማን አፍ እንደነካው ሳታውቅ ትጠጣዋለች። ይህን ከጎረቤት ስሸሽግ ኖሬ ዛሬ ለእርስዎ መንገሬ ከዚህ የባሰ ስላለብኝ ነው።

ለባሰው ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ለገና በእግሩ የመጣን መንገደኛ እግሩን አጥቦ መቀበል ከአባቶቻችን የወረስነው ደንብ ነው። አምና በዋዜማው ቦኖው እንደ ልማዱ ዝም ስላለ፣ ሠፈርተኛው ይሉኝታ ይዞት በየቤቱ ያለችውን ውሃ እስከ ጠብታዋ አምጥቶ በአንድ ትልቅ ሳፋ አጠራቀመ። የተጨነቅነው አንድ ሰው እንኳ ላሊበላ ደርሶ እግሩ ሳይታጠብ ቀረ እንዳይባል ብቻ ነበር። ለእግር ስናስብ ጉሮሮን ረሳነው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እማማ አስቻለች የሚባሉ አዛውንት ከአገራቸው ሰዎች ጋር ከወገል ጤና ስድስት ቀን በእግር ተጉዘው ደረሱ። ዝቅ ብዬ እግራቸውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። መርቀውኝ ሲያበቁ፣ «እግሬስ ዐረፈ የኔ ልጅ፤ እስቲ ትንሽ ውሃ አቅምሰኝ» አሉኝ። ዘወር ብዬ ጎረቤቶቼን ባይ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። በሳፋው የቀረው የአርባ ሰው እግር የታጠበበት ጭቃ ነው። ውሃ የለንም ማለት ነውር መሰለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እንግዳ በማስረዳበት ድምፄ፣ በላሊበላ ደንብ በገና ዋዜማ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አይጠጣም አልኋቸው። እንዲህ ያለ ደንብ የለም፤ የዕለቱ የጾም ሰዓትም አልፎ ነበር። እርሳቸው ግን ደንግጠው አማተቡና፣ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ እኔ ባላገር የቅዱሱን አገር ደንብ በምን አውቄ» ብለው እኔኑ ይቅርታ ጠየቁኝ። በማግስቱ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር መቋሚያ ተደግፈው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አየኋቸውና ከሰው ጀርባ ተደበቅሁ። አፈርሁ ክቡርነትዎ፤ እስካሁንም እንዳፈርሁ ነኝ።

ዘንድሮ ይማርሽ ሦስት ቀን ተመላልሳ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ለመጠጥ ብቻ አስቀመጠችልኝ። እማማ አስቻለችን አግኝቼ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። የወገል ጤና ሰዎች መጡ፤ እርሳቸው ግን ጉልበታቸው ደክሞ ቀርተዋል። ለመጡት በጣሳ እየቀዳሁ ባቀርብ አንድም የሚቀበለኝ ጠፋ። በላሊበላ በዋዜማ ውሃ እንደማይጠጣ እማማ አስቻለች አስጠንቅቀው እንደላኳቸው ነገሩኝ። አብራቸው የመጣች ነፍሰ ጡር ሳትቀር ጣሳውን በእጇ መለስ አደረገችው። ደንቡ ሐሰት ነው፣ የፈጠርሁት እኔ ነኝ ብላቸው፣ እምነታቸውን የምፈትን መሰላቸውና ፈገግ አሉ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሚመጣው ገና በፊት ቦኖውን አስከፍተው፣ በዋዜማው እርስዎ ራስዎ በመንገደኛው ሁሉ ፊት ቆመው አንድ ጣሳ ውሃ ይጠጡልን። አስጎብኚውን አላመኑትም፤ ሹም ሲጠጣ ካዩ ምናልባት ይጠጡ ይሆናል።

ስለ ሰፊው ትዕግሥትዎና ከዚያም ስለሚሰፋው ዝምታዎ ደግሜ እጅ እየነሳሁ፣ ድንጋያችን ወረፋው እስኪደርሰው ድረስ በአክብሮት የምጠብቅ፣

ከፋለ አድማሴ
አስጎብኚ፣ ደንብ ፈጣሪም

ማስታወሻ፦ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ በዋዜማው የመጠጥ ውሃ የሚጠይቅ መንገደኛ እንደሌለ ያለ ሐሳብ መጻፍ ይችላሉ፤ እውነት ነው። እማማ አስቻለች ግን በቅዱስ ቦታ ውሃ ለመንሁ ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው፣ ስግደት ታዝዘው፣ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ይሰግዳሉ አሉ። ከስግደቱ እኔ የድርሻዬን ጀምሬአለሁ፤ የእርስዎ ድርሻ ባሉበት ይጠብቅዎታል።