ጳጉሜን ሦስት የተያዘው

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የዚያ አገር በረዶስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የላክሽውን መልእክት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከጉና ተራራ ጓሳ ሣር ላይ የለቀምናቸው፣ የሣሩን ጭማቂ እየመጠጡ የሚኖሩት፣ ሲነኳቸው ፈንጠር የሚሉት ትናንሽ ነፍሳት አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆኑ ራሱን የቻለ አዲስ ወገን ሆነው ተገኙ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ «ጂነስ» እያልኩ የጻፍኩት ነገር ከደጃችን ወጣ። ሁለተኛ ሳነበው ተናደድኩ። ሦስተኛው ላይ ብዕር አነሣሁ።

ጽሑፍሽን የሚገመግሙት ሰው «13ኛ ወር የሚባል የለም፤ መለያ ወረቀቱ አይታመንም፤ ናሙናው ከጥናቱ ይውጣ» አሉ። ወገኑ የሚለየው በወንዱ ሆድ ጫፍ ባለው አካል ነው። ሴቶቹ ሰባት፣ ወንዱ ግን አንድ። እሱ ከወጣ ወገኑም የአራት ዓመት ድካምሽም አብረው ይወጣሉ። ይህ ገብቶኛል። አንቺም «አባባ፣ በፈረንጁ 8/9/2018 ብለው አዲስ ወረቀት ይጻፉልኝ፤ የድሮውን እጥለዋለሁ» አልሽኝ።

አልጽፍም።

ትናንት ሀብታሙ መጥቶ ነበር፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የድሮ ተማሪዬ። ስነግረው ሳቀ።

«ቲቸር፣ ለአንዲት ቁጥር ይህ ሁሉ ሙግት? በፈረንጁ ጽፈው ይገላገሉ። ማን ሊከስዎ?»

«አሥረኛ ክፍል የቤተ ሙከራ ሪፖርትህን እቤትህ ፈጥረህ ስታመጣ ስንት ሰጠሁህ?»

«ዜሮ። እስከ ዛሬ አልረሱትም?»

«አንተስ ረሳኸው?»

ሻዩን ጨርሶ ሄደ።

ልጄ፣ ያ ወረቀት በእርሳስ የተጻፈው እዚያው ጓሳው ሥር ነው፤ «ጉና፣ ከክምር ድንጋይ በላይ፣ 3/13/2010፣ ሰብሳቢ ማሬ»። ሩፋኤል ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የዕለቱ ዝናብ ጠበል ነው ብላ ጥላ አልይዝም አለች። እኔ መረቡን ስከልል እርሷ እየሳቀች ትረጥባለች። ሲያባራ ወንዱ ነጠላዋ ላይ ቁጭ ብሎ ተገኘ። «እንካ! አንተ ስታሳድደው እኔ ዘንድ መጣ» አለችኝ። የያዘው ይጽፋል ብዬ እርሳሱን ሰጠኋት። ጣቷ በብርድ ደንዝዞ ስለነበር ሦስት ቁጥሯ ወደ ግራ አዘንብሏል። ከዚያ ወዲያ ጉና አልወጣችም። ይህን የማነሣው ለማስረጃነት ብቻ ነው።

እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ የማያውቁት ፍጥረት እንዳለ ከተቀበሉ፣ የማያውቁት ወር እንዳለም ይቀበሉ። የሙያሽ ሥርዓት ከእኔ ይልቅ ላንቺ ቅርብ ነው፤ የመስክ ወረቀት አይጣልም፣ ነፍሳቱ በተሰካበት መርፌ ላይ ከሥሩ ሌላ ይጨመራል። የሚጨመረውን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለገምጋሚውም የአሥራ ሦስቱን ወራት ሠንጠረዥ አዘጋጅቻለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ልፈትናቸው ዝግጁ ነኝ።

እምቢ ካሉ ወንዱን ከነወረቀቱ ይመልሱልኝ። በክረምቱ መጨረሻ ጉልበቴን አስሬ እወጣለሁ፤ ሌላ ወንድ እይዝልሻለሁ። ቀኑንም እንደገና አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ እጽፈዋለሁ። ይህን ለገምጋሚው ቃል በቃል ተርጉሚላቸው፤ አታለሳልሺው።

የጉናው አምላክ በሰው አገር አንገትሽን የቀና፣ እጅሽን የጸና ያድርግልሽ።

አባትሽ፣
ይሻው ዓለምነው

ሁለተኛውን ወረቀት ስትሰኪ የመጀመሪያውን በጣትሽ አትንኪው። እርሳስ ቶሎ ይለቃል።