የእፍኝሽ ልክ

ዓለሜ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ነፍስሽን በገነት ያኑርልኝ። ደኅና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት በሕይወት ሳለሽም አልሆነልኝም። ቤቱ ጭር ብሏል። አንዳንድ ቀን የስፌት መኪናዬን የምረግጠው ድምፅ እንዲሰማ ብዬ ነው እንጂ የሚሰፋ ልብስ ኖሮኝ አይደለም።

ልጃችን ትርንጎ ጥር ላይ ተዳረች። ከእኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሠርጉ በፊት ያለውን ሳምንት አንቺ ትሠሪው በነበረው የፊት ማሻ ካልሆነ አልታጠብም አለች። ጓደኞቿ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ያለውን ቅባትና ስክራብ ሁሉ ቢያመጡላት አሻፈረኝ አለች። የእማዬን ሥራልኝ ብላ እኔን ያዘችኝ።

አንቺ ደግሞ የትም አልጻፍሽው! ስትሠሪ ወንፊት የምይዝልሽ እኔ ነበርኩ፤ ይዤም ሥራዬ ማሾፍ ነው። ለሆድ የተፈጠረ እህል ቆዳ ላይ ምን ይሠራል እልሽ ነበር። አንቺም አፍንጫዬን እርድ ቀብተሽ ዝም ታሰኚኛለሽ። የሽምብራ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርድ፣ ሁለት ማንኪያ ከቁይ ገበያ የመጣ ማር፤ ይህን አውቃለሁ። ዱቄቱ ስንት ነው ብዬ አንድ ቀን ስጠይቅሽ መዳፍሽን ዘርግተሽ አሳየሽኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሳቅሁብሽ።

ልጄን ከማበላሽ በራሴ ልሞክረው ብዬ አንድ ጠዋት ጓዳ ገባሁ። ከመደርደሪያው አንዱን ቆርቆሮ አንሥቼ በማር ለወስኩና ፊቴን በደንብ አሸሁት። ለካ ያነሣሁት ምጥን ሽሮውን ነው፤ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም ያለበትን! ዓይኔ ቀልቶ፣ ወጥ ወጥ እየሸተትኩ ደጅ ስወጣ ትርንጎ አይታኝ በሳቅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት ሲሳቅ የመጀመሪያው ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሷ በርበሬው ያስለቀሰኝ መስሏት ውኃ ታፈስልኝ ነበር።

በኋላ ቅመም ያልገባበትን የሽምብራ ዱቄት አገኘነው። በእኔ እፍኝ ሲሆን በዝቶ ማሩ አልይዘው አለ። ስቀንስ ቀጠነ። ሦስት ጊዜ ደፋን። ይቅር በቃ ልትለኝ ስትል እጇን አየሁት። ጣቶቿ አጠር አጠር ያሉ፣ መዳፏ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፤ ቁርጥ አንቺ። ያን ሁሉ ዓመት እጅጌሽን ስለካ የኖርኩ ሰው እንዴት እስከዚያ ቀን ልብ አላልኩትም? አንቺው ዝገኚ አልኳት። አንድ እፍኝ ዱቄት፣ ግማሽ እፍኝ ስኳር፣ በሦስት ጣት እርድ። ማሩን ጨምራ ስትለውሰው ያው ያንቺ ሽታ መጣ።

በሠርጓ ቀን ፊቷ እንዴት ያበራ እንደነበር ብታዪ! ሴቶቹ ምን ተቀብታ ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ሽምብራ ነው አላልኩም። ምስጢርሽን ጠብቄአለሁ። ከመልሱ በኋላ ባሏን ተከትላ ደጀን ወረደች። በየቀኑ ትደውላለች፤ በላህ ወይ ትለኛለች፤ በላሁ እላለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ እንደገና ጭር ይላል።

ዓለሜ፣ ባለፈው እሑድ ብርዱ እጄን አሻክሮት የሐር ጨርቅ እየያዘብኝ ስለተቸገርኩ ልለውስ ተነሣሁ። ዱቄቱን ዘግኜ ቆምኩ። እፍኝሽ አንድ ጊዜ ከአንቺ ጋር፣ አንድ ጊዜ ከልጅሽ ጋር ከዚህ ቤት ወጥቷል። የቀረው የእኔ ትልቁ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ጣቶቼን ላላ አድርጌ ትንሽ ትንሽ ወደ ቆርቆሮው መለስኩ፤ መዳፌ ላይ የቀረው ያንቺን ያህል እስኪመስለኝ ድረስ።

አልረሳሽም። እጄ ዱቄት በዘገነ ቁጥር፣ የእኔን መልሼ ያንቺን አስቀራለሁ።

ወንፊት ያዥሽ፣
ባልሽ