ሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው

ጅቡቲ፣ ሀራሙስ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለዮሳዲቅ፣

እንደምን ሰነበትህ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርና ኋላ እውነቱን አወጣዋለሁ።

ስልኬን ማንሳት ከተውክ ዛሬ አራተኛ ቀንህ ነው። እማዬ በጎረቤታችን በውቢት ስልክ ደውላ ቤት እንዳለህ ስትነግረኝ እፎይ አልኩ። ቀጥላ የጫማህን ሶል አስቀይረህ መጣህ ስትለኝ ግን ደነገጥኩ። ባቲ ገበያ ለመውረድ ሶል የሚያስቀይር ሰው አላውቅም። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ ለሾፌሩ ለደምመላሽ ልሰጠው ነው። መኪናው ዶራሌ ወደብ እየጫነ ነው፤ ነገ ተነስቶ በባቲ ስለሚያልፍ ራሱ እጅህ ላይ ያስቀምጥልሃል።

የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ደላላው፣ ጀልባዋ የመን ዳር ሳትደርስ ባሕሩ ውስጥ ታወርዳችኋለች ብሏችኋል። አንተና ጓደኛህ ጀንበሬ ደግሞ በፎቶዬ ላይ ያያችሁትን የውሃ መተንፈሻ ሁለት ላኪልን አላችሁኝ። "እሱ ካለን ሌላው ቀላል ነው" ትላለህ። ዮሳዬ፣ ይህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ዕቃውን የአሠሪዎቼ ልጆች በፈረንሳይኛ ቱባ ይሉታል። ከእማዬ የክር ቱባ ጋር ዝምድና የለውም። አንዱን ጫፍ በጥርስህ የምትነክሰው፣ ሌላው በጆሮህ አጠገብ ወደ ላይ የሚቆም ቱቦ ነው። ፊታቸውን ውሃ ላይ ደፍተው ዓሣ ሲያዩ ይተነፍሱበታል፤ ለዚያውም መዋኘት የሚያውቁ፣ ለዚያውም ባሕሩ ሲረጋ። አየር የሚያጠራቅም እንዳይመስልህ። ወደ ጥልቁ የሚወርዱ ሰዎች በጀርባቸው የሚያዝሉት ሲሊንደር ሌላ ነው። የቱባው ጫፍ ከውሃ በላይ እስካለ ትተነፍሳለህ፤ ማዕበል ከሸፈነው የምትስበው ጨው ውሃ ነው።

ማን ነገረሽ እንዳትለኝ። ትናንት አርብ ዕረፍቴ ነበር። መልስ ሳልሰጥህ ልሞክረው ብዬ፣ ልጆቹ የጣሉትን አሮጌ ቱባ ይዤ ከቪላው ጀርባ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ነክሼው ፊቴን ደፋሁ። መጀመሪያ ሠራ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፣ ልገዛላችሁም አሰብኩ። ከዚያ አንድ ሞገድ መጣ፤ ትልቅም አልነበረም። ቱቦውን ሞልቶ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። እግሬ መሬት አጣ። እማዬን ልጠራ አፌን ስከፍት ባሰብኝ። የጎረቤት ቪላ ዘበኛ ከይረዲን፣ የጭሮ ሰው ነው፣ ከነልብሱ ገብቶ በፀጉሬ ጎትቶ አወጣኝ። ውሃውን ተፍቼ ስጨርስ ነገሩን ነገርኩት።

"ወንድምሽ ባሕር አይቶ ያውቃል?" አለኝ።

አያውቅም አልኩት። ፈርቻለሁ ዮሳዬ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

አሁን እውነቱን ላውጣው። ያ ፎቶ ውሸት ነው። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከትናንት በፊት ግን ባሕር ገብቼ አላውቅም። የልጆቹን መነጽርና ቱባ ከጨው ሳጥብ አጥልቄው፣ ፀጉሬን በአትክልት ማጠጫው ጎማ አርጥቤ ነው የተነሳሁት። አርብ አርብ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር የምንገናኘው ሴቶች ሁላችንም እንዲሁ ነን። እመቤቶቻችን ሲወጡ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠን ፎቶ እንነሳና ደልቷታል እንድትሉ ወደ ቤት እንልካለን። እንዳታዝኑ ብዬ ነበር። ለካ ወደ ባሕር የጠራሁህ እኔው ነኝ።

ቱባውን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። እንድትሻገርበት አይደለም። ወደ ብርሃን አንሳና ውስጡን እየው፤ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ነው፣ መሃሉ ባዶ ነው። ለጀንበሬም አሳየው።

ያሳደገን አምላክ እግርህን ደረቅ መሬት ላይ ያቆይልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ደምመላሽ ካገኘህ እዚያው ቆሞ ይደውልልኛል፣ ድምፅህን ያሰማኛል። ካጣህ ለእማዬ ምንም እንዳይነግራት አስምዬዋለሁ። ቱባውን ግን መልሶ ያመጣልኛል፤ ሳየው መሄድህን አውቃለሁ።

እህትህ እንቁ