ሳላነብ ያጸደቅኩት

ጥቅምት 4
ከቤተ መጻሕፍት ሥራዬ መልስ ስድስት ስክሪፕት አደስኩ። ሠላሳ አንድ ይቀራል። እማዬ በበሩ ብቅ አለች።
"ይሄ ነገር ግን ምንድን ነው ልጄ?"
ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀሙ ሰዎች ፕሮግራም የሚጭኑበትን ትእዛዝ፣ ስክሪፕት የምንለውን፣ የምንጽፍ በጎ ፈቃደኞች ነን፣ አልኳት።
"አለቃ የለሽም?"
"የለኝም።"
"ታዲያ ማን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?"
ሳቄ መጣ። ማንም... ሁሉም።

ጥቅምት 9
እማዬ ደረጃ ላይ ወደቀች። ዳሌዋ። ነገ ቀዶ ጥገና።

ጥቅምት 11
ደህና ወጣች፣ ተመስገን። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ብከፍት "ጉጉት" በሚል መለያ ብቻ የማውቀው በጎ ፈቃደኛ ጽፎልኛል። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ስድስት ወር ሙሉ ስህተቴን ሲያርምልኝ የኖረ ትሑት ሰው ነው። የአንባቢውን አዲስ ስክሪፕት አዘጋጅቶ ልኳል። አንባቢው ማየት ለተሳናቸው ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። "አንቺ እናትሽን አስታምሚ፣ እኔ አለሁ" ይላል። ነርሷ ጠራችኝ። "አጽድቅ" የሚለውን ነካሁና ተነሳሁ። አንዴ ባላነብ ምን ይመጣል?

ጥቅምት 15
አንድ ማየት የተሳነው የታሪክ መምህር ኢሜይል ላከ። "እህቴ፣ ፕሮግራሙን ካደስኩ ወዲህ ስጽፍ ድምፁ ትንሽ ይዘገይብኛል። የሚያይ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔ ግን የምኖረው በጆሮዬ ነው። ምን ነክታችሁ ነው?"
ስክሪፕቱን ከፈትኩ። አርባ ሁለተኛው መስመር ከማላውቀው ሰርቨር አንድ ፋይል ያወርዳል። ፋይሉ ሰው የሚጽፈውን ሁሉ እየቀዳ ይልካል። ፓስወርድ፣ ደብዳቤ፣ ሁሉን...
ጉጉትን ፍለጋ ገባሁ።
ጉጉት የለም። መለያውን ሰርዞ ጠፍቷል። ከሥር አጽዳቂ ተብሎ የተጻፈው የኔ ስም ነው።
የድሮውን ስክሪፕት መለስኩ። አዲሱን የጫኑት ሦስት መቶ አርባ ሰዎችስ? ዝም ብል ማን ያውቃል?

ጥቅምት 16
ዝም አልኩ። መጽሐፍ ያለቦታው ስደረድር ዋልኩ። ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት።
"ሰዎቹ አሁንም ይጽፉበታል?"
"አዎ።"
"አሁን? እኛ ስናወራ?"
"አዎ፣ እማ።"
"ታዲያ እዚህ ምን ተጎልተሻል? ተነሽ!"
የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ጻፍኩ። "አዲሱ የአንባቢው ስክሪፕት የምትጽፉትን ሁሉ ይሰርቃል። ሳላነብ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ያወቅኩት ትናንት ነው። ኮምፒውተራችሁን ከኢንተርኔት አላቅቁት። በሌላ ኮምፒውተር ፓስወርዳችሁን ቀይሩ።" ላክሁትና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ጥቅምት 17
ስድብ ሲወርድብኝ ዋለ። ይገባኛል። አንዷ ግን አልሰደበችኝም። "ለጠበቃዬ የምጽፈውን የፍቺ ደብዳቤ ትናንት ነው የጨረስኩት" ብቻ አለች። ትናንት... እኔ አውቄ ዝም ባልኩበት ቀን። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩላት።

ጥቅምት 20
ሥራውን እንደምተው ትናንት ለሁሉም ጽፌ ነበር። ዛሬ መምህሩ ደወለ።
"ተናድጄብሻለሁ።"
"እውነትዎን ነው።"
"ልትተዪው ነው አሉ?"
"አዎ። ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?"
"ማንም ብቻሽን አያምንሽም። ከአሁን በኋላ ስክሪፕቱ ከመውጣቱ በፊት ለእኔም ላኪልኝ። የእናንተን ትእዛዝ መረዳት እችላለሁ፤ ኮምፒውተሬ መስመር በመስመር ያነብልኛል።"
እልክልዎታለሁ አልኩት። እያለቀስኩ ነበር።

ኅዳር 12
ሠላሳ ሦስቱን ለሌሎች አስረከብኩ። አራት ቀሩኝ። ያለ ሁለት ሰው የሚጸድቅ የለም። ትናንት መምህሩ አንዱን መለሰብኝ፤ የረሳሁት ነገር ነበር። ለዚያች የፍቺ ደብዳቤ ለጻፈችው ሴት ሦስት ጊዜ ጻፍኩላት። አልመለሰችም። ላትመልስ ትችላለች።
ዛሬ የአንባቢውን ስክሪፕት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እማዬ በምርኩዟ ቀስ እያለች መጣች።
"ጨረስሽ?"
"ገና ነኝ።"
ወንበር ሳበችና አጠገቤ ተቀመጠች። "በይ ቀጥዪ።"